የደከመ ባትሪ

ቢቸና አጠገብ ባለ ቀበሌ የሰብል ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የሞጣ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ያኔ ስለ ማሳ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ አንድ ሽማግሌ ስንዴያቸውን ፀረ አረም ሲረጩ አገኘኋቸው። መርጫው በባትሪ የሚሠራ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ዲስክ የሚሽከረከርበት ነው። ዲስኩ ሲፈጥን መድኃኒቱ ደቅቆ ጉም ይመስላል፤ ሲያዘግም በትልልቅ ጠብታ ይወርዳል። ሽማግሌው ወሰኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ደህናዎቹን ባትሪዎች አውጥተው የደከሙ አሮጌዎችን ከተቱ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ለዳሩ ይኼ ይሻላል። ማዶ ያለው...»

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ አላስጨረስኳቸውም። ለባትሪ ሰስተው ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠብታው ካልደቀቀ ቅጠሉን አይሸፍነውም፣ አረሙ ይተርፋል እያልኩ የኮሌጅ ትምህርቴን አወረድኩባቸው። ከአባቴ ሱቅ ያመጣኋቸውን አዳዲስ ባትሪዎች ከቦርሳዬ አውጥቼ ራሴ ገጠምኩላቸው።

«የነጋዴ ልጅ፣ ጭራሽ በነፃ!» ብለው ሳቁ። «እሺ፣ የተማረ ይግደለኝ።»

ዲስኩ ጮኸ። ርጭቱ ነፋሱ ላይ ተንሳፎ ወሰኑን ሲሻገር አይቻለሁ። እንዴት ደቀቀ ብዬ ኮርቼም ነበር።

በሳምንቱ ተጠራሁ። ከወሰኑ ማዶ ባሏ የሞተባት፣ የታላቅ እህቴ እኩያ የምትሆን ሴት ባቄላ ዘርታለች፤ የልጆቿ የዓመት ሽሮ ነው። ያ መድኃኒት ስንዴን አይነካም፣ ባቄላን ግን አይምርም። ግንዱ ተጠማዟል፣ ቅጠሉ ተኮማትሯል፣ አበባው ረግፏል። ክው አልኩ። ሽማግሌው ዳሩን በደከመ ባትሪ የሚረጩት ለካ ለእሷ ብለው ነው፤ ከባድ ጠብታ እዚያው ይወድቃል እንጂ ነፋስ አይወስደውም። ይህን እኮ እኔም ተፈትኜበት አልፌያለሁ!

«ወንድሜ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ምን ነካብኝ?» አለችኝ።

«በሽታ ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። ዛሬም ሳስበው እደነግጣለሁ።

ሽማግሌውም እዚያው ነበሩ፤ ወደ እኔ አልተመለከቱም።

«በሽታ አይደለም፤ የኔው መድኃኒት ነው» አሏት። «ዘንድሮ ባትሪውን ሳልቀይር ቀርቼ ነው። ከስንዴው እኩል ትወስጃለሽ።»

ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ፊቴ ተለዋውጦ ኖሯል መሰለኝ፣ እንባዋን ጠራርጋ ወደ እኔ ዞረች። በሽታ ነው ብዬ በመሳሳቴ ያፈርኩ መስሏታል።

«አይዞህ ወንድሜ» አለችኝ፣ «አንተማ በምን ታውቀዋለህ።»