ኩሬ ዳር የቆየ መርዶ

ከላባና ከክር በተሠራች ዝንብ ትንንሽ ዓሣ እያጠመድኩ መልሼ ውሃ ውስጥ መልቀቅ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ጆሃንስበርግ ውስጥ የማውቃቸው ኢትዮጵያውያን ይህን የሚያዩት እንደ ቀላል የአእምሮ ሕመም ነው። ሐኪሞቹና ባለሱቆቹ በሌላ ነገር አይስማሙም፤ በዚህ ግን ይስማማሉ። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ስለማይጥመኝ ገፋሁበት። ትልቅ ዓሣ ፍለጋ ወደ ተራራ ወንዞች የሚነዱ፣ የያዙትን አቅፈው ፎቶ የሚነሱ ሰዎች አሉ። እኔ የምሄደው በከተማው ምሥራቅ ወዳለ አንድ የሕዝብ መናፈሻ ኩሬ ነው። የምይዘውም ብሉጊል ነው፤ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ጠፍጣፋ፣ ጉንጩ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ያለው፣ ማንም የማይፎክርበት ዓሣ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ወዳጄ የሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። የወዳጄ እናት ሌሊቱን ሆሳዕና ከተማ አርፈዋል።

ወዳጄ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ቮስሎሩስ ውስጥ ሱቅ አለው። በዕድሜ በአሥር ዓመት ያንሰኛል፤ በሌላው ነገር ሁሉ ግን እበልጥሃለሁ ባይ ነው። ስንገናኝ ሥራችን መከራከር ነው። አባቱ ከታመሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ከአልጋ አይነሱም። የሚያስታምሟቸው እናቱ ነበሩ። እናቱ ግን ጤነኛ ነበሩ፤ የእሳቸውን ሞት የጠበቀ ሰው አልነበረም።

«ወንድሙ ከደርባን እየነዳ ነው» አሉኝ ሽማግሌው። «እሱ ሳይደርስ መርዶ አይነገርም። ስልኩን ባለቤቱ ደብቃለች። አንተ እስከ ስምንት ሰዓት ይዘኸው ዋል።»

«የት?»

«እዚያ ዓሣህ ጋ። ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይሠራ የሚውል ሌላ ሰው የለንም።»

ይህን ልማድ በጽሑፍ የተቃወምኩ ሰው ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን ሐዘን ከባለሐዘኑ ደብቆ፣ አዋቂን ሰው እንደ ሕፃን እያታለሉ ማዋል ንቀት ነው ብያለሁ፤ ያውም በረጅሙ። ሽማግሌው አልረሱትም።

«የጻፍከውን አንብቤዋለሁ» አሉ። «ጥሩ ነው። ዛሬ ግን አፍህን ያዝ።»

እሺ አልኳቸው። በኋላ ብዙ ምክንያት ፈልጌለታለሁ። እውነቱ ግን መርዶውን ሰምቶ ሲጮህ ብቻዬን አጠገቡ መሆን ፈራሁ።

ሱቁ ስደርስ ሚስቱ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ዳቦ ትደረድራለች። ቀና ብላ አላየችኝም። «ሂድ ባክህ፣ አንድ ቀን እንኳ አየር ያግኝህ» አለችው። ድምጿ ጎርንኗል።

«ቅዳሜ ቀን ሱቅ ጥዬ ስወጣ ሚስቴ ስትመርቀኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ መኪና ውስጥ። «ስልኬም ጠፋብኝ። ጌታ ራሱ እረፍ እያለኝ ነው መሰለኝ።»

«ይሆናል» አልኩ።

ከኩሬው ማዶ ነጭ የለበሱ ምእመናን ውሃው ውስጥ ገብተው ይጠመቃሉ። የጃካራንዳው አበባ ውሃው ላይ ረግፏል። ዘንጉን ሰጠሁት። ይህ አጠማመድ ጉልበት አይፈልግም፤ ክሩን ከትከሻ በላይ ወደ ኋላ ወርውሮ እስኪዘረጋ መቆም ነው፤ ከዚያ ወደ ፊት። ችግሩ ያለው መቆሙ ላይ ነው። ወዳጄ በአሥራ ሁለት ዓመት የሱቅ ኑሮው ቆም ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ የገዛ ኮፍያውን ያዘ፤ ቀጥሎ ዛፍ። ከጎናችን ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ በትል የሚያጠምድ አዛውንት፣ «ባባ፣ ዓሣው እኮ ውሃው ውስጥ ነው» አለው። ወዳጄ በዙሉኛ የሆነ ነገር መለሰለት፤ አዛውንቱ እስኪያስለው ሳቀ።

«ዓሣ ማለት ሐዋሳ ያለው ቆሮሶ ነው» አለኝ ዛፉ ላይ የተጠመጠመውን ክር ስፈታ። «ይሄ የዓሣ ፎቶ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሩብ ሰዓት መልስ ነበረኝ።

«ልክ ነህ» አልኩ።

«ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ግን ምን አተረፍክ? ለሰው አንዱ መጽሐፍ ይበቃዋል።»

ይህ የቆየ ጠባችን ነው። በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ሁለት ወር ተኳርፈናል።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ጣቴን ወደ ውሃው ቀሰርኩ። ጥልቀት በሌለው በኩል፣ አሸዋው ላይ፣ ሳህን የሚያካክሉ ክብ ጉድጓዶች ነበሩ። «እንቁላሉ እዚያ ነው። የሚጠብቀው ወንዱ ነው፤ በላዩ የመጣውን ሁሉ ይነክሳል። ስለራበው አይደለም።»

«ስለዚህ ቤቱን ሲጠብቅ ነው የምትይዘው?»

«አዎ።»

«አታፍርም ግን ጋሼ?»

ያለወትሮዬ በዚህም አልተከራከርኩም። እሱ ግን ወረወረ፤ በዚህ ጊዜ ክሩ እስኪዘረጋ ቆመ። ዝንቧ ጉድጓዱ ላይ ስታርፍ ውሃው ቡልቅ አለ፤ ዘንጉ ጎበጠ። ወዳጄ በሱቅ ደንበኛ ላይ እንደሚጮኸው ጮኸ። እጁን እንዲያረጥብ፣ የጀርባውን እሾህ በመዳፉ ወደ ኋላ እንዲያስተኛ ነገርኩት። ሆዱ ብርቱካንማ፣ እልኸኛ ብሉጊል መዳፉ ላይ ተፈራገጠ።

«አንሳኝ! አንሳኝ!»

ፎቶ አነሳሁት። እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ። እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

«ሆሳዕና ላለችው እህቴ ላክልኝ። ቁጥሯ አለህ አይደል? ለእናቴ ታሳያት።» ከዚያም የእናቱን ድምፅ አስመስሎ፣ «ልጄ፣ ይሄን ለማን ልታዳርሰው ነው?» አለ። «እንዲህ ነው የምትለኝ። ላከው አሁን።»

«ኔትወርክ የለም» አልኩ።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሽማግሌው ቁጥር ነበር። አጠፋሁት። ወዳጄ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። ጎንበስ ብሎ ዓሣውን ውሃው ውስጥ ለቀቀና ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልተከራከርከኝም።»

ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ሚስቴ መርቃ ሸኘችኝ። ስልኬ የለም። አንተ ልክ ነህ ትለኛለህ።» ልናገር አፌን ስከፍት እጁን ቶሎ አነሳ። «አትንገረኝ! ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚነግሩኝ። ሥርዓት አለው። ወንድሜ ደርሷል?»

«መንገድ ላይ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ፊቱን በእርጥብ እጁ ሸፍኖ ትንሽ አለቀሰ። ድምፅ አላሰማም።

«ተገላገለ» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ዓመት ነው የተሰቃየው። አባቴ ተገላገለ።»

«አይደለም» የሚለውን ቃል እንደ እኔ ያባከነ ሰው ያለ አይመስለኝም። በስብሰባ፣ በሠርግ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ብያለሁ። ያን ጊዜ ግን ከአፌ አልወጣም። ካልኩት ነገርኩት ማለት ነው፤ አትንገረኝ ብሎኛል። ካላልኩት ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚያለቅስለት። በትል የሚያጠምደው አዛውንት ከወንበሩ ተነስቶ ምን ሆነ በሚል ዓይን አየኝ። ዘንጉን እየነቀልኩ ማሸግ ጀመርኩ።

መኪና ውስጥ ፊቱ እየተረጋጋ ሄደ። ይኸኛው ከሁሉ የከፋ ነበር።

«እናቴ አሁን ትንሽ ታርፋለች» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ተኝታ አታውቅም። ወደዚህ አመጣታለሁ። ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ዕቃ ከምናስቀምጥበት ለእሷ ማድረግ ነው። ብርድ አትወድም፤ ሂተር እገዛለሁ። ትመጣለች አይደል?»

መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።

«ለቪዛው የግብዣ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። አንተ ትጽፍልኛለህ። የአንተ እንግሊዝኛ አንጀት ይበላል።»

«እሺ» አልኩ።

እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል።

ቤቱ መንገድ ላይ መኪኖች ከወዲህና ከወዲያ ቆመዋል። የደርባን ታርጋ ያለው አንዱ ሞተሩ ገና አልበረደም፤ ወንድሙ በሩን ይዞ ቆሟል። ወዳጄ ከመውረዱ በፊት የመኪናዬን መስታወት ወደ ራሱ አዞረና ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ።

«እንዳላወቅሁ እሆናለሁ» አለኝ። «ሽማግሌዎቹ ከሩቅ ነው የመጡት። ልባቸው አይዘን።»

ቀድሞኝ ገባ። ሽማግሌው በሩ ላይ በዓይናቸው ጠየቁኝ፤ ነገርከው? ራሴን ነቀነቅኩ። አልነገርኩትም። ይህም እውነት ነበር።

ከበሩ ውጭ ቀረሁ። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ ተቀመጥ ሲሉት። የሽማግሌው ድምፅ ዝቅ ብሎ ጸሎት ጀመረ። ወዳጄ ጨዋ ነው፤ በየመሀሉ አሜን ይላል። ከዚያ ጸሎቱ አበቃ፤ ሽማግሌው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።

«ማን?» አለ።

ወንበሩ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሰማሁ።

«ማን አላችሁ?»