የተሰረዙ ቁልፎች ደብተር

ቶሬዮን ከተማ ውስጥ እኔ ጎማ የምለጥፍበት መጠለያና የፊደንሲዮ ቁልፍ መቅረጫ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሃያ ዓመት ተጎራብተናል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሲዋሽ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያንንም የዋሸው በደግነት ነው። እኔም እስከ ዛሬ የምናደድበት ለዚሁ ነው።

ሰውየው ግትር ነው። እስከ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ የቤት ቁልፍ ሲሞርድ ኖረ። መኪኖች ቁልፋቸውን የሚለዩበት ቺፕ በቁልፉ እጀታ ውስጥ መግባት ሲጀምር "ይሄ የልጆች ሥራ ነው፣ ተወው" ብለን አሾፍንበት። እሱ ግን መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ቺፑን ከሚያነበው ማሽን ጋር ስድስት ወር ተጣላና ተማረው። ዘመናዊ ሆነ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። ከአንድ መኪና ላይ የጠፋ ቁልፍ በሰረዘ ቁጥር፣ የቁልፉን ቁጥር በተማሪ ደብተር ላይ በእጁ ይጽፋል። መኪናው ከዚያ ወዲያ ያንን ቁልፍ አያውቀውም፤ ሌባ ቢያገኘው እንኳ ሞተሩ አይነሳለትም። ታዲያ መጻፉ ለምን አስፈለገ?

"የሙታን መዝገብህ ሞላ ወይ?" እለዋለሁ።

"አንተ ጎማህን ንፋ" ይለኛል። "የተሰረዘ ነገር አንድ ቦታ መጻፍ አለበት።"

ዶኛ ኦቲሊያ የምንላት የሰፈራችን ወይዘሮ የመጣችው አቧራ ከተማውን በሸፈነበት አንድ ቀን ነው። ልጇ ሮሄሊዮ በነጭ ፒክአፑ ለሥራ እንደወጣ ቀርቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪናው በሮቹ እንደተበረገዱ መንገድ ዳር ተገኘ። ልጁ የለም፤ ቁልፉም የለም። መኪናው ሲገዛም የነበረው ቁልፍ ያ አንዱ ብቻ ነው። አስጎትታ አምጥታ በራችን ላይ አቆመችው።

"ቁልፍ ይሥሩልኝ፣ ዶን ፊደንሲዮ" አለችው። "የጠፉ ልጆቻቸውን ከሚፈልጉት እናቶች ጋር ሜዳ ለሜዳ ልዞር ነው፤ መኪና ያስፈልገኛል። ግን አደራዎን፣ የልጄን ቁልፍ እንዳይሰርዙብኝ። ካለበት አምልጦ ቢመጣ የገዛ መኪናው እንቢ ይበለው?"

እንደማይሆን አውቄያለሁ። በዚያ ዓይነት መኪና ላይ፣ የሚሠራ ቁልፍ በእጅ ከሌለ፣ የድሮውን ሳይሰርዙ አዲስ ማስገባት አይቻልም። ፊደንሲዮ ይህንን ለስንቱ ደንበኛ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። አሁንም ይነግራታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"አልሰርዘውም" አላት። "ሁለቱም ይሠራሉ።"

ከሄደች በኋላ "ምን ነካህ?" አልኩት።

"እውነቱን ብነግራት መኪናውን አታስነካኝም ነበር። በእግሯ ትዙር?"

"እሺ፣ አንድ ቀን ብታውቅስ?"

"ከየት ታውቃለች?" አለና ማሽኑን ከመኪናው ጋር አያይዞ የሮሄሊዮን ቁልፍ ሰረዘ፤ ደብተሩን አውጥቶም ማሽኑ ያሳየውን የቁልፉን ቁጥር ጻፈ። የዚያን ቀን ስለ ሙታን መዝገብ አልቀለድኩም።

ስምንት ወር ሙሉ ያ ፒክአፕ እናቶችና አካፋ ሲያመላልስ ኖረ። ሴቶቹ ረጅም ብረት ወደ አፈሩ ይሰዳሉ፣ ይነቅላሉ፣ የሬሳ ሽታ ይኖረው እንደሆነ ጫፉን ያሸታሉ። እሾህ የበሳውን ጎማቸውን የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። ዶኛ ኦቲሊያ ስትመለስ መኪናውን ነዳጅ ሞልታ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙራ በሯ ላይ ታቆመዋለች። "ለሮሄሊዮ እንዲመቸው" ትላለች።

አንድ ጠዋት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በፒክአፑ መጣች። ከደረቷ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ቁልፍ አወጣች። አጥንት አግኝተዋል፤ ቁልፉ ከአጥንቱ ጋር ነበር። መርማሪዎቹ ሳይደርሱ ደበቀችው፤ እነሱ እጅ ከገባ መልሱ ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃለች። ብረቱን ዝገት በልቶታል፣ የፕላስቲክ እጀታው ግን ደህና ነው። እንዲያ ያለ እጀታ በከተማው ውስጥ ሺህ አለ።

"ይሞክሩት" አለች። "መኪናው ከተነሳ ልጄ ነው። ካልተነሳ ልጄ አይደለም።"

የፊደንሲዮ ፊት አመድ መሰለ። ያኔ መናገር ነበረበት። እሱ ግን እጀታውን ፈልቅቆ የሩዝ ፍሬ የምታህለውን ቺፕ አወጣ፣ ከፒክአፑ ጋር የሚገጥም አዲስ ቁልፍ ውስጥ ከተታት። ሴትየዋ ከእጁ ነጥቃ መኪናው ውስጥ ገባችና አዞረችው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ሞተሩ ዝም። ደግማ አዞረች። ዝም።

"አይደለም!" ብላ ጮኸች። "ልጄ አይደለም! ሮሄሊዮዬ አለ!" ጓደኞቿን አቀፈች፤ ግሪስ የለበሰውን የኔን እጅ ሳይቀር ሳመች። ፊደንሲዮን ተናገር እንጂ ልለው ፈለግሁ። ለካ እኔም ፈሪ ነኝ።

ፊደንሲዮ ወደ ውስጥ ገብቶ ደብተሩንና ማሽኑን ይዞ ወጣ። ቺፑን ማሽኑ ላይ አስቀመጠ፤ ቁጥሩ ወጣ። ደብተሩን ገልጦ አጠገቡ ዘረጋው።

"ዶኛ ኦቲሊያ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አለ። "ያን ቀን ሰርዤዋለሁ። ያልተነሳው ለዚህ ነው። የልጅዎ ቁልፍ ቁጥር ይኸው።"

የማሽኑን ቁጥር ከደብተሩ ጋር እያመሳከረች በጣቷ አንድ በአንድ ተከተለችው። ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው። በጥፊ ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትለውም ደስ ባለኝ።

"እና በነዚህ ስምንት ወራት ቢመጣ ኖሮ" አለች ቀስ ብላ፣ "መኪናው አይነሳለትም ነበር?"

"አይነሳለትም ነበር።"

"ልጄ በሬ ላይ ቆሞ ይቀር ነበር።"

ፊደንሲዮ ደብተሩን ከደነ።

"አስገባው" አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ማለቷ ነው። "አሁኑኑ አስገባው።"

አሁን ያኔ የሠራላት የሚሠራ ቁልፍ በእጁ ስላለ፣ የልጇን ቁልፍ ለማስገባት የሚሰረዝ አልነበረም። አሥር ደቂቃ ፈጀበት። ስታዞረው ሞተሩ ባንዴ ተነሳ፤ እሷም መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በመሐረቡ ጠረገች። ቁልፉን ለመርማሪዎቹ ልታስረክብ በዚያው በልጇ ቁልፍ ነድታ ሄደች፤ ለመመለሻ ፊደንሲዮ የሠራላትን ቁልፍ አንደኛዋ ጓደኛዋ ይዛላት ነበር።