የጫማ ቁም ሳጥኑ ሰርቨር

ከባሌ ጋር በሕግ ከተፋታን በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ቴክሳስ፣ ኢርቪንግ ከተማ ያለውን የአፓርትመንቴን በር በእርግጫ ይደበድበው ጀመር። እኔ ከውስጥ ሶፋውን ገፍቼ በሩ ላይ አስደግፌ፣ የሙቀጫ ዘነዘና ይዤ ቆሜያለሁ። ቢገባ ግንባሩን እንደምለው አልጠራጠርም ነበር፤ ቁጣ ከማንም ተበድሬ አላውቅም። በሩ ተሰነጠቀ እንጂ አልተከፈተም። እገልሻለሁ እያለ፣ እናትና አባቴን እየጠራ ሲሳደብ ቆየና ደከመው። ሲሄድ ግን በሩ ላይ የለጠፍኳትን ትንሽ ካሜራ ፈልቅቆ ይዟት ሄደ። የቀረጸችው ሁሉ እዚያችው ውስጥ ካለው ካርድ ላይ ነበር።

የጠራሁት ፖሊስ መጥቶ የተሰነጠቀውን በር አየ፣ እኔን አየ፣ ዘነዘናውን አየ። ሲመታ በዓይንሽ አይተሽዋል ወይ አለኝ። ድምፁን ሰምቻለሁ፣ የገዛ ባሌን ድምፅ አላጣውም አልኩት። ምስል ከሌለ ከባድ ነው አለና የመዝገብ ቁጥር የጻፈበት ወረቀት ሰጥቶኝ ሄደ። በዚያን ቀን ከባሌ ይልቅ የጠላሁት ያቺን ወረቀት ነው።

የምሠራው ዲኤፍደብሊው በሚባለው የዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ መንገደኛ በዊልቸር እገፋለሁ። አብራኝ የምትገፋ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የእኛው ልጅ አለች። የደረሰብኝን ስነግራት ማስቲካዋን እያላመጠች ሰማችኝ።

«ሶ፣ ካሜራው ላይ ሴቭ አታድርጊ» አለችኝ። «ማለቴ፣ ቤት ውስጥ ሰርቨር ቢልድ አድርጊ። ኦልድ ኮምፒውተር በቂ ነው። እሱ ካሜራውን ብሬክ ቢያደርግ ቪዲዮው ክሎዜት፣ ያው ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፣ ኦኬ?»

ሰርቨር ሲባል እኔ የሚመስለኝ ባንክ ቤት ውስጥ በመስታወት ታጥሮ የሚቀመጥ ትልቅ ነገር ነበር። ለካ አሮጌ ኮምፒውተር ደብቆ አስቀምጦ፣ ካሜራዎቹ የሚያዩትን ቀን ከሌት እንዲያጠራቅም ማድረግም ሰርቨር ይባላል። እስቲ ልሞክረው አልኩ። ባልገባኝ ነገር እልህ ስጋባ የሚያቆመኝ የለም።

ዴንተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ ዕቃውን ከሚሸጥ ተማሪ አንድ ትንሽ የቢሮ ኮምፒውተር በርካሽ ገዛሁ። ክዳኑን ስከፍት ቆርቆሮው አውራ ጣቴን ሸረከተኝና ሥራው በደም ተመረቀ። አቧራውን አራገፍኩ፣ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገጠምኩለት፣ በነጻ የሚገኝ የካሜራ ፕሮግራም ቪዲዮ እያየሁ ጫንኩበት። ሦስት ካሜራ በገመድ አያያዝኩ፦ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ከበረንዳው ወደ መኪና ማቆሚያው፣ አንዱ ሳሎን። ማሽኑን ጫማ የምናስቀምጥበት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር ወሸቅኩት። አረንጓዴ መብራቱ ቦግ ሲል ያን ሰውዬ አንገቱን የያዝኩት መሰለኝ።

እናቴ ከአገር ቤት መጥታ አብራኝ መኖር የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። ለእሷ ባሌ የተባረከ አማች ነበር፤ መድኃኒቷን የሚልክ፣ በየበዓሉ የሚደውል። ይመታኛል ስላት፣ «ቁጡ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም» ትለኛለች። በሩን አሳየኋት። ስንጥቁን ዳሰስ አድርጋ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ከዚያ ማሽኑ መሞት ጀመረ። ከሥራ ስመለስ ሶኬቱ ተሰክቶ፣ ገመዱ ሁሉ በቦታው ሆኖ፣ እሱ ድርቅ ብሎ አገኘዋለሁ። ቁልፉን ስጫነው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሁለት ቀን ሠርቶ ደግሞ ይሞታል። የሰሞኑ በረዶ ያዘለ ዝናብ መብራት አጥፍቶ ይሆናል ብዬ ጎረቤት ጠየቅኩ፤ መብራት አልጠፋም። ሚሞሪው ላልቶ ይሆናል ብዬ ነቅዬ፣ የሚሰካበትን ጥርሱን በላጲስ ፈትጌ መልሼ ሰካሁት። ሙቀት ይሆናል ብዬ የቁም ሳጥኑን በር ከፍቼ ማራገቢያ አስጠጋሁለት። ፓወር ሰፕላዩን፣ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ክፍል፣ ከሌላ አሮጌ ማሽን አውጥቼ ቀየርኩት። ያም አልበቃው አለ።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከሥራ ገብቼ መኪናዬን ሳቆም፣ ባሌ ከሁለት መኪናዎች መካከል ብቅ አለና ጸጉሬን ያዘኝ። ፈረቃዬ የተቀየረው በዚያ ሳምንት ነው፤ መግቢያ ሰዓቴን ማን እንደነገረው አላውቅም። ፊቴን ከመኪናዬ በር ጋር አጋጨው። ደግሞ አጋጨው። አፌ ደም ሲሞላ ይሰማኛል። ክንዱን ነከስኩት፣ ጥርሴ ሥጋው ውስጥ እስኪገባ ነከስኩት። ለቀቀኝና ሮጠ። እኔም ወደ ቤቴ ሮጥኩ፤ እያለቀስኩ አይደለም፣ በደስታ ነው የሮጥኩት። በረንዳው ላይ ያለችው ካሜራ ልክ በላያችን ነበረቻ!

ቁም ሳጥኑን ስከፍት አረንጓዴ መብራት የለም። ሞቷል። በኋላ እንዳየሁት ከቀትር ጀምሮ ምንም አልቀረጸም። ደሜ ፈላ። ማሽኑን ከነገመዱ ጎትቼ አውጥቼ በጫማ ቀጠቀጥኩት፤ ክዳኑ ተጣመመ፤ ከከንፈሬ የሚወርደው ደም እላዩ ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ ከኋላዬ ቆማ፣ «ተይ ልጄ፣ ተይ፣ ዕቃ ምን አደረገ?» ትላለች። እሱ ነው የመታኝ ስላት ፊቷ ዓመድ መሰለ።

ለፖሊስ እንደገና ደወልኩ፤ እንደገና ወረቀት ሰጡኝ። ዱላዬ ለማሽኑ ደግ ሆነለት መሰለኝ፣ ክዳኑን አቃንቼ ሳበራው ተነሳ። የሥራ ባልደረባዬ በስልክ እያስረዳችኝ፣ ኤሌክትሪክ ሄዶ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ራሱ እንዲነሳ አስተካከልኩት። ከዚያ ወዲህ ሞቶ አላገኘሁትም። የቀረጸውን ስመለከት ግን ቀዳዳ አለው። ሁሌም በቀን፣ ሁሌም እኔ ሥራ ላይ እያለሁ፣ ለተወሰነ ጊዜ ምስሉ ይቋረጥና ተመልሶ ይመጣል። ይሄ የኤሌክትሪክ ነገር ነው ብዬ ዩፒኤስ ገዛሁ፤ አዲስ አበባ ቢሮዎች ውስጥ መብራት ሲጠፋ ጲጵ እያለ ኮምፒውተር የሚያቆየውን የባትሪ ሳጥን። ማሽኑን እሱ ላይ ሰካሁ፣ እሱን ግድግዳው ላይ ሰካሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ የሚነገር አልመሰለኝም ነበር።

በማግስቱ ቀዳዳ አልነበረም። የሳሎኑን ምስል ከፍቼ ተቀመጥኩ።

እናቴ በሩን ትከፍታለች። ባሌ ይገባል። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ አገር ቤት በዳይ ለይቅርታ እንደሚያደርገው። ድንጋዩን አውቀዋለሁ፤ አፓርትመንታችን ደጃፍ ካለው የአበባ መደብ ያነሳው ነው። ለይቅርታም የሰው ዕቃ ሰርቆ! ተንበርክኮ ያለቅሳል፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ የእሱ እንባ ግን ሲጠራው ይመጣል።

«እማማ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ ያስታርቁን» ይላል።

«ተነስ ልጄ፣ ድንጋዩን አውርድ» ትላለች እናቴ። ከዚያ፣ «ቆይ እሱን ነገር ላጥፋው» ብላ ወደ ቁም ሳጥኑ ትሄዳለች። ሶኬቱ ከግድግዳው ሲነቀል ዩፒኤሱ መጮህ ይጀምራል። እናቴ ደንግጣ ጋቢዋን አምጥታ ታፍነዋለች። ከዚያ ምሳ ታቀርብለታለች። እየበላ፣ «አሁን ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?» ይላታል። እሷም ትነግረዋለች።

በእጄ የነበረውን ሳህን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። እናቴ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች።

«አንቺ ነሽ!» አልኳት። «ፊቴን በመኪና በር ሲቀጠቅጠው ሶኬቱን የነቀልሽው አንቺ ነሽ! ሰዓቴንም የነገርሽው አንቺ ነሽ!»

«ከሄደ በኋላ መልሼ ሰክቼዋለሁ» አለችኝ። ቁልፉ መጫን እንደነበረበት ከየት ታውቃለች። «ደግሞ አልነካኋትም ብሎ በማርያም ምሎልኛል።»

«የእኔ ከንፈርስ? ከንፈሬ አልማለልሽም?»

«የባልና የሚስት ገበና በፈረንጅ ፊት አይዘረገፍም!» አለችኝ። «አባትሽ ያን ሁሉ ዘመን ሲቀጠቅጠኝ ማን ቀረጸኝ? ማን ከሰሰልኝ? ዋጥ አድርጌ አሳደግኳችሁ!»

አባቴ እናቴን ይመታ እንደነበር በዚያች ደቂቃ ነው የሰማሁት። ማቀፍ ይገባኝ ነበር ይሆናል። እኔ ግን ንዴት ላይ ነኝ። «የዋጥሽውን ለእኔ አታጉርሺኝ!» ብያት ክፍሌ ገብቼ በሩን ደረገምኩት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። አንድ ጠዋት ብቻ፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ ልወጣ ስል ከጫማው ቁም ሳጥን አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

«ይሄ አረንጓዴው ሲበራ ያያል ማለት ነው?»

«ያያል። ይሰማልም።»

«ሳሎኑን በሙሉ?»

«ከሶፋው ጥግ በስተቀር» አልኳት። ለእሱ መደበቂያ የምትፈልግለት መሰለኝ። ደህና ዋይ እንኳ ሳልላት ወጣሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት መንገደኛ እየገፋሁ ሳለ ጎረቤቴ ደወለችልኝ። እናትሽን በአምቡላንስ ወስደዋታል፣ በሕይወት አለች፣ ፖሊስ ቤትሽ ነው አለችኝ። ቤት ስደርስ ጠረጴዛው ተገልብጧል፣ ወለሉ ላይ ደም አለ። የመጣችው ፖሊስ ሴት ናት። ካሜራ አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት። ቁም ሳጥኑ ፊት ቁጭ ብለን ስክሪን አያያዝኩ። የሚነገረው አማርኛ ስለሆነ አስተርጓሚዋ እኔው ሆንኩ።

እናቴ መጀመሪያ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት በሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ሶኬቱን ጠበቅ አድርጋ ስትገፋው ቀጭ ይላል። ቀጥሎ በሩን ትከፍትለታለች፤ በኋላ እንደሰማሁት ደውላ የጠራችው ራሷ ናት። እሱ ወደ ሶፋው ጥግ ሲሄድ፣

«እዚያ አይሆንም። እዚህ ብርሃን ላይ ተቀመጥ» ትለዋለች፣ ወንበር እየሳበች። ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። «ልጄን መኪና ማቆሚያው ላይ መትተሃታል?»

መማል ይጀምራል።

«ማርያምን ተዋት። እኔ አማትህ ነኝ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«መታኋት!» ይላል። «ሚስቴ አይደለችም እንዴ? እምቢ ካለች እገላታለሁ፣ ይንገሯት።»

እተረጉማለሁ። ፖሊሷ ትጽፋለች።

«በል አሁን ውጣ» ትላለች እናቴ። «ሁለተኛ የልጄን ደጅ እንዳትረግጥ።»

ከዚያ የሚሆነው ፈጣን ነው። በጥፊ ሲመታት ከወንበሯ ትወድቃለች። ጠረጴዛውን በላይዋ ይገለብጠዋል። ክንዷን በጫማው ሲረግጠው አጥንቱ ሲሰበር ይሰማል። ሶፋው ጥግ ሁለት እርምጃ ነው፤ እዚያ ገብታ መሸሸግ ትችል ነበር። በአንድ እጇ ተደግፋ ትነሳና እዚያው ካሜራው ፊት ትቆማለች።

«ምታ» ትለዋለች። «እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ፖሊሷ ምን አለች ብላ አየችኝ። ለመተርጎም ከባድ ቃል አይደለም። አፌ ግን እምቢ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ በሦስተኛው ወጣልኝ። ምስሉን እስከ መጨረሻው አየሁት፣ ጎረቤት በሩን እየደበደበች እስክትጮህና እሱ እስኪሮጥ ድረስ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያዙት።

ሆስፒታል ስደርስ እናቴ ክንዷ ታስሮ፣ አንድ ዓይኗ አብጦ ተጋድማለች። ገና ሳልቀመጥ፣ «ቀረጸው?» አለችኝ።

«ቀርጾታል።»

«ፊቱ ይታያል?»

«ይታያል። ድምፁም ይሰማል። ይዘውታል እማዬ።»

በረጅሙ ተነፈሰች። ቀጥሎ ደህናውን ዓይኗን ከፍታ አፍጥጣ አየችኝ።

«ለፖሊሶቹ አሳዪያቸው። ለዳኛውም አሳዪው» አለችኝ። «አንቺ ግን እንዳታዪው። ልጅ እናቷ ስትመታ አታይም። በልጅነትሽ ያላሳየሁሽን አሁን እንዳታዪብኝ፣ በሞቴ።»

«እሺ እማዬ» አልኳት፣ ያልተሰበረውን እጇን እየሳምኩ። «አላይም።»