ላፍቶ፣ ሰርቪስ ቤት ሳለሁ የመጡት ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ወደ ፊቴ አቅርባ «እማዬ፣ ይኼ ያንቺ ቤት አይደለም?» አለችኝ። ደላሎች ቴሌግራም ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ነው፤ ላፍቶ፣ ሰፊ ግቢ፣ ጥንታዊ ቪላ፣ ከነሰርቪሱ ይላል። ቪላ መባሉ አሳቀኝ። ደላላ ሲያሞግስ ለቃል አይሰስትም። በጃንሆይ ዘመን አንድ የደላው የላፍቶ ገበሬ ያሠራው የጭቃ ቤት ነው፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ የጭቃ ቤት ዛሬ የሚሠራ የለም። ዙሪያውን በረንዳ አለው፣ ሲረግጡት የሚያቃስት የሳንቃ ወለል አለው፣ የፊት በሩም ወፍራም ዝግባ ነው። ፎቶውን በጣቴ እየገፋሁ ጓሮውን ፈለግሁ። ሰርቪሱም አለ፤ ቆርቆሮው ዝጓል። የዳሯ ክፍል የኔ ነበረች።

የተከራየኋት ደርግ በወደቀ ሰሞን ነው። እናትና አባቴን በልጅነቴ አጥቻለሁ። ከቡታጅራ ወዲያ ያሳደገችኝ አክስቴም ስታርፍ አዲስ አበባ መጥቼ ክር ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ያኔ ላፍቶ ገጠር ነው። ክረምት ላይ በመካኒሳ አቦ በኩል ስመጣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ጭቃውን እሻገራለሁ። ሽምብራው እሸት ሲሆን ደግሞ ከመንገድ ዳር እየነቀልኩ፣ እየፈለፈልኩ ቤት እደርሳለሁ። ማሳው የአከራዬ የጋሽ ቶሎሳ ነው፤ እሳቸውም ቤቱን ያሠራው ገበሬ ልጅ ናቸው። አይተው እንዳላዩ ያልፉኝ ነበር። ከአፋቸው የሚወጣ ነገር ቢኖር «ኢንተለ ኮ» ነው፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። እኔ ለሁሉም የሚሉት ይመስለኝ ነበር።

ሰይፉ የፋብሪካችን ሾፌር ነበር። ልንጋባ ስንስማማ እናቱ «ሽማግሌ የምልከው ማን ደጅ ነው? ዘር ማንዘሯ አይታወቅ» ማለታቸውን ሰማሁ። ሲጨንቀኝ ለጋሽ ቶሎሳ ባለቤት ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም እጄን ይዘው ወደ ባላቸው ወሰዱኝ። የለመንኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እሺ እንዲሉልኝ። ጋሽ ቶሎሳ ማጭዳቸውን እየሳሉ ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ እሑድ ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው በረንዳው ላይ ቆሙ። እኔ ከሰርቪሱ ጥግ ተለጥፌ እሰማለሁ። ጋሽ ቶሎሳ የልጁን ሥራ ጠየቁ፣ አመሉን ጠየቁ፣ የእናቱን አገር ሳይቀር ጠየቁ። ነገሩ እየሰመረ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ «እኛ ልጃችንን ለመስጠት አልቸኮልንም። ወንድሞቿን እናማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ።

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። የሰይፉ እናት ሰበብ ሲፈልጉ እኚህ ሰውዬ ሰበቡን ሰጧቸው። በረንዳው ላይ ወጥቼ እያለቀስኩ፣ «ጋሽ ቶሎሳ፣ እኔ እኮ እሺ እንዲሉልኝ ነው የለመንኩዎት። ወንድም እንደሌለኝ ያውቃሉ» አልኳቸው።

«የኔ ልጆች ምንሽ ናቸው?» አሉኝ።

ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ እሳቸው ቀጠሉ።

«ዛሬውኑ ብሰጥሽ፣ ነገ ያቺ ሴትዮ ከሰርቪስ አንስቼ ያመጣኋት ትልሻለች። ተመልሰው ይምጡ። ይለምኑሽ።»

ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም። በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ሰይፉም እኔም ከሳን። እናቱ መጀመሪያ ተቆጡ አሉ፤ ሲውል ሲያድር ግን «እንዲህ የሚሳሱላት ልጅ ናት እንዴ?» ማለት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የጋሽ ቶሎሳ ወንዶች ልጆች አጨዳ የላጠውን እጃቸውን ታጥበው፣ ኮት ለብሰው በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። ከዚያ በፊት ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ታላቅየው «እኅታችንን ቢያስከፋት ከኛ ጋር ነው» ሲል ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ያኔ ነው የገባኝ፤ አለቀስኩ። እትዬ አስካለ ቅቤ የጠገበ ጭኮ አቀረቡ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። በዚያ በዝግባው በር፣ እልል ተብሎልኝ ወጣሁ።

ጋሽ ቶሎሳና እትዬ አስካለ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ልጆቻቸው ቤቱን ሸጠው ቢካፈሉ ወጉ ነው፤ የሚገዛውም መሬቱን ፈልጎ ያፈርሰው ይሆናል። ሰይፉ ፎቶውን አይቶ «እንቅልፍ የነሳኝ በረንዳ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ምስጋናዬ ብዙ ነው። አማቴ እስኪያርፉ ድረስ ስለ ዘሬ ትንፍሽ አላሉም፤ ለበዓል በመጡ ቁጥር «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ነበር የሚሉኝ። ጋሽ ቶሎሳ በዚያ እሑድ የለመንኳቸውን አድርገውልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ተከራያቸው ሆኜ አገባ ነበር።