ሊቀ ፍርፋሪ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ትዕግሥት ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረች። አባቷ፣ ማለትም የእኔው ልጅ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ በስልክ ሲጮኽ አረፈደ። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባችልኝ! አዎ፣ ዩኒቨርሲቲ!» ሥራው ምን እንደሆነ መጠየቅ ትዝ ያለው ምሳ ቀርቦ ስንቀመጥ ነው። «የተማሪዎች ምግብ ቤት ኃላፊ» አለችው። የጠቀለለው ጉርሻ አፉ ሳይደርስ ቆመ። «እኔ እኮ መምህር መስሎኝ! ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ወጥ ልታስጨልፊ?» ብሎ ማዕዱን ጥሎ ወጣ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቀረች።

እኔ ዘጠናን ከተሻገርኩ ቆይቻለሁ፤ ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም። ይህችን ግን ጥርት አድርጌ ሰማኋት፤ ደሜም ፈላ። ዱላዬን ፈለግኩ፤ ደግነቱ አጠገቤ አልነበረችም።

ትምህርት ቤት ማለት አስተማሪና ተማሪ ብቻ የሚመስለው ሰው ያናድደኛል። ዘበኛው፣ ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ መጽሐፍ የሚያውሰው፣ የተማሪ መኝታ የሚጠብቀው፣ ሽሮውን የሚያማስለው፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ቀን ቢቀሩ መምህሩ ለማን ሊያስተምር ነው? ለግድግዳ? በእኛም ጊዜ ቢሆን ጉባኤ ቤት ደወል ደዋይ ነበረው፣ ብራና ፋቂ ነበረው፣ የፈረሰ ጎጆ የሚያቆም ነበረው። እኔ ደግሞ መጋቢ ነበርኩ። የተማሪውን ቀለብ የምጠብቅ ማለት ነው።

ዘመኑ የጣሊያን ዘመን ነው። ከሉማሜ ወጣ ብሎ ካለው አገራችን ተነሥቼ ደምበጫ አካባቢ ካለ አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት የገባሁት ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ቅኔ አልሰጠኝም። ምን እዋሻለሁ፣ አልሰጠኝም! ጓደኞቼ ረጅም ረጅሙን ሲዘርፉ እኔ ሁለት ቤት ያላትን የጀማሪ ጉባኤ ቃና ይዤ ጫካ ለጫካ ስዞር እውላለሁ፤ ማታ የኔታ ፊት ስቆም አንደበቴ ይተሳሰራል። ጣሊያን ሲገባ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ወረደ። ባንዳ ቤታችንን አቃጠለው። ስለዚህ «ትምህርቱ አልሆነልህም፣ ወደ አገርህ ሂድ» ብባል መሄጃ የለኝም። የአርበኛ ልጅ መሆኔ በአገራችን የታወቀ ነው፤ በገባሁበት ቀን ይሰቅሉኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የኔታ ከጽዱ ሥር አስጠሩኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ቅኔው አንተን አልወደደህም።»

«አውቃለሁ የኔታ። ብቻ አያባርሩኝ።»

«ማን ሊያባርርህ? ባለፈው ሐምሌ ቁራሽ ሊለምን የወጣ ልጅ ወንዝ ወስዶብኛል። ሁለተኛ አይወስድብኝም። ተማሪው በበጋ ከሚለምነው ይቆርጥልህና አንተ አድርቀህ ታስቀምጥልኛለህ። ክረምት ሲገባ ከእንግዲህ ማንም ልጅ ወንዝ አይሻገርም።» ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። «አንዲት አደራ አለችኝ። እጅ አትለፍ። የተዘረጋ እጅ ካየህ ማን ነህ አትበል፤ ስጥ።»

የማያውቅ ካለ ልንገር። የቆሎ ተማሪ ቀለብ ሰፋሪ የለውም። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቦ መንደር ለመንደር ይዞራል። «ስለ ማርያም!» ይላል፣ ውሻ ይዘለዝለዋል፣ ባለቤቲቱ ቁራሽ እንጀራ ትሰጠዋለች። አዝመራው ሲገባ፣ አውድማው ሲጠግብ፣ የሰው እጅ ይፈታል፤ አኩፋዳውም ሞልቶ ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጎተራው ይራቆታል፣ ጭቃው ጉልበት ይውጣል፣ ወንዙ ይሞላል። ተማሪ ደግሞ ካልለመነ አይበላም። ስለዚህ የሞላ ወንዝ ይሻገራል።

ሥራዬን ወደድኩት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሰሌን ዘርግቼ ቁራሹን አሰጣዋለሁ። የጤፉ ቶሎ ደርቆ ይሰባበራል፤ የዳጉሳው ጠቁሮ እንደ ጫማ ቆዳ ይጠነክራል። ወጥ የነካው ለብቻው ነው፤ አንዱ እርጥብ ከገባ ጎተራውን በሙሉ ያሻግተዋል። ቁራ አለ፣ ዝንጀሮ አለ፣ ሳይታሰብ የሚጥል ካፊያ አለ። ያ ኮምጠጥ ያለ የድርቆሽ ሽታ ከልብሴ አይለቅም ነበር፤ ዛሬም አንዳንድ ጠዋት ይሸተኛል።

ሳቁብኝ እንግዲህ። ከሁሉ የባሰው ሞገስ ነበር። ሞገስ የየኔታ ቀኝ እጅ ነው፤ ጀማሪዎቹን የሚያስጠና እሱ ነው። ቅኔው እንደ ምንጭ ይፈስለታል፤ ይህን ጥርሴን ነክሼም ቢሆን እመሰክራለሁ። ምላሱ ግን መርዝ! «ሊቀ ፍርፋሪ» ብሎ ስም አወጣልኝ። «ሊቀ ፍርፋሪ፣ ቁራዎችህ ዳዊት ደገሙልህ ወይ?» ሲለኝ ተማሪው በሳቅ ይንፈራፈራል። ክረምቱ ሲገባ ግን መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ራሱ ነበር። እሰጠው ነበር። አደራ አለብኛ።

ያልሳቀብኝ አለልኝ ብቻ ነው። አለልኝ የቁይ አገር ልጅ ነበር፤ እኩያዬ፣ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት። ቅኔውን ሲያወጣና ሲያወርድ ከሰሌኔ አጠገብ ተቀምጦ ቁራ ያባርርልኛል። የዳጉሳውን ድርቆሽ ይወድ ነበር። «ይኼ ለወንድ ነው» እያለ ያንኮሻኩሸዋል። በመጀመሪያው ክረምት ውጭ ዝናቡ ጎጆውን ሲደበድብ፣ እኛ ድርቆሹን በበርበሬና በጨው ውሃ አርሰን ከበን ስንበላ፣ «ወንዙን እኮ አንተ አጎደልከው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ያለች ግን አልሰማሁም።

በዚያ ዓመት ማንም ወንዝ አልተሻገረም።

በተከታዩ ጥር ሞገስ ድንገት ጠፋ። ደብረ ማርቆስ ገብቶ ለጣሊያን አስተርጓሚ ሆነ ተባለ። የኔታ ቦታውን ለሌላ ሰጡት። ድርቆሹ ግን በዚያ በጋ በረከት ነበረው፤ ሁለት ጎተራ ሞላሁ፣ ሦስተኛውን መረግሁ። ግንቦት ላይ የመጨረሻውን አስጥቼ ሳገላብጥ በበቅሎ መጡ። አንድ የጣሊያን መኮንን፣ አስካሪ የሚባሉት ጥቁር ወታደሮቹ፣ አንድ የባንዳ አለቃ፣ ከኋላቸው ሞገስ። ካኪ ለብሷል፤ ጫማ አድርጓል። ዓይኑ እኔን አይቶ እንዳላየ ሆነ።

መኮንኑ ጎተራዎቹን እየዞረ አየ። በእጁ ዘገን አድርጎ አሸተተው። የባንዳው አለቃ ነው የጠየቀኝ፦

«ይኼ ሁሉ ስንቅ የማን ነው?»

«የተማሪ ቀለብ ነው ጌታዬ። ለክረምት።»

«ለማኝ ሦስት ጎተራ ያከማቻል? የማን ሞኝ አለ! ዱር ላለው ሽፍታ ነው።»

ድርቆሽ የዘማች ስንቅ ነውና የሰውየው ጥርጣሬ አልገረመኝም። የኔታ በሰው ተደግፈው ወጡ። «እኔን አትመኑ። ሞገስ አለላችሁ፤ ባለፈው ክረምት ከዚህ ተመግቧል። እሱን ጠይቁት» አሉ።

ሁላችንም ዞረን አየነው። አንዲት ቃል ብቻ! «አዎ፣ የተማሪ ነው» ቢል ያበቃ ነበር። ሞገስ ሰሌኑን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ።

«እኔ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ብዙ አልነበረም» አለ።

ይኸው ነው ያለው። ውሸት እንኳ አይደለም፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ውሸታም ብዬ እገላገለው ነበር። ለመኮንኑም ያንኑ በቋንቋው ነገረው። መኮንኑ እጁን አራገፈና አንድ ነገር አለ፤ አስካሪዎቹ እሳት ለኮሱ። ድርቆሽ ቶሎ አይነድም፤ እየጨሰ ይከርማል። ደብሩ በሙሉ ምጣድ ላይ የተረሳ ቂጣ ሸተተ። አለልኝ በባዶ እጁ ጎተራውን ሊንድ ገብቶ ክንዱ ተቃጠለ፤ ጎትቼ አወጣሁት።

እግዜር ያያል፣ አንዲት ፍርፋሪ ለአርበኛ አልላክንም ነበር። አባቴ እዚያ ዱር ውስጥ ሥር ሲምስ እኔ ለክረምት ብዬ ስቆጥብ ነበር። ከተቃጠለ በኋላ የገባኝ ይህ ነው። ምነው በሰጠኋቸው ኖሮ!

ሐምሌ ገባ። የኔታ «አትውጡ» ብለው ገዘቱ፤ ሆድ ግን ግዝት አይሰማም። መጀመሪያ ጎመን በላን፣ ከዚያ ሣር ቢጤ ቀቀልን። አንድ ጠዋት አለልኝ አኩፋዳውን አነሣ። ክንዱ ገና አልዳነም።

«ወንዙ ሞልቷል አትሂድ» አልኩት።

«ማዶ ያለችው ሴትዮ የዳጉሳ እንጀራ አላት። ላንተም አመጣለሁ» አለ፣ እየሳቀ።

አኩፋዳውን ከታች ቁጥቋጦ ይዞት አገኘነው። እሱን አላገኘነውም።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላም መጋቢነቴን አልለቀቅኩም። አባቴ ከዱር ሲመለስ «ና እርሻ እንረስ» ቢለኝ አልሄድኩም፤ ጎተራዬን እንደገና ሠራሁ። የኔታ ሲያርፉ ለተዝካራቸው ትልቅ ዳስ ተጣለ። ሞገስም መጣ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሹም ሆኗል፣ ጋቢው ነጭ፣ ከኋላው አሽከር። ከጣሊያን ጋር መዋሉን ያልሰማ የለም፤ ግን ማን ይናገራል? በመሪጌታዎች መካከል ቦታ ተለቀቀለት። እኔ እንጀራውን በሌማት ይዤ በረድፉ እየዞርኩ አድላለሁ። ለሹሙም ለለማኙም እኩል እሰጣለሁ፤ አደራዬ ነው።

እሱ ጋ ስደርስ ሁለት እጁን ዘረጋ። አለፍኩት። ከጎኑ ላለው ሰጠሁ።

«ሊቀ ፍርፋሪ!» አለ እየሳቀ፣ ሰው እንዲሰማው። «እኔን ዘለልከኝ እኮ!»

«እርስዎ በነበሩበት ጊዜ እንዲህ ብዙ አልነበረም፤ የለመዱት እንዳይቀርብዎ ብዬ ነው» አልኩት፣ እኔም ሰው እንዲሰማኝ።

የጉባኤ ቤቱ ሰው ሁሉ ቃሏን ያውቃታል። እጁ ትንሽ እንደተዘረጋ ቆየ፤ ከዚያ ጋቢው ውስጥ ገባ። ሳይበላ ተነሥቶ በቅሎው ላይ ወጣ። ሁለተኛ ደጃችን አልደረሰም።

ይህን ለትዕግሥት የነገርኳት ያን ዕለት አባቷ እንደወጣ፣ የቀዘቀዘውን ምሳ እየበላን ነው። አባቷ እስከ ዛሬ አኩርፏል። ያኩርፍ! ልጅቱ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። «አባባ፣ ምን ይመክሩኛል?» አለችኝ። የየኔታን አደራ ሰጠኋት፦ እጅ አትለፊ፣ የተዘረጋ እጅ ካየሽ ማን ነህ አትበይ።

ትንሽ አሰበችና፣ «እርስዎ ግን አልፈዋል» አለችኝ።

«አንድ እጅ አልፌያለሁ።»

«ዕድሜዎን ሙሉ አልቆጨዎትም? ይቅር አላሉትም?»

«አለልኝ ይቅር ካለው እኔም እላለሁ» አልኳት። አለልኝን ደግሞ ወንዙ አልመለሰውም።