የዳፍንት ጎረቤት

ከመርካቶ የወጣሁት ከመግሪብ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አባባ ሲሰናበቱኝ ፊቴን አላዩትም። ዳፍንት አለባቸው፣ ጀምበር ከጠለቀች አያዩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከጨርቅ ሱቃቸው እስከ አብነት ሰፈር ቤታችን እጃቸውን ይዤ የምመራቸው እኔ ነበርኩ። የዚያን ዕለት በር ላይ ቆመው ጉንጬን ዳበሱና፣ «ሂጂ በቃ፣ አውሮፕላኑ አይጠብቅሽም» አሉኝ።

ሃምቡርግ የመጣሁት የዘር ውርስ ልማር ነው። ወገኖቼ፣ እዚህ በብርዱ ወራት ገና በአሥር ሰዓት ይጨልማል። ዳቦው ድንጋይ ነው፤ የሮመዳን ሳምቡሳችንን በህልሜ እበላለሁ። ሰው አሳንሰር ውስጥ ሲገናኝ ጫማውን ያያል እንጂ ሰላም አይባባልም። ቤት ልከራይ ስሄድ ባለቤቷ አሮጊት፣ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ዝንብ አረባለሁ።»

«እዚህ ቤቴ ውስጥ?»

«ኧረ በቤተ ሙከራ ነው።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ውሻ ግን አይፈቀድም» አለች።

የዘር ውርስ ነገር የገባኝ በዝንቦቹ ነው። የሰውነት ቀለማቸውንና የክንፋቸውን ቅርጽ የሚወስኑት ጂኖች በአንድ ክሮሞዞም ላይ ጎረቤት ስለሆኑ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ግን ጥንዶቹ ክሮሞዞሞች ቁራጭ ይለዋወጡና ጎረቤቶቹ ይለያያሉ። እነሱ የተለያዩባቸውን ልጆች ቆጥረን ለጠቅላላው ስናካፍል፣ ምን ያህል እንደሚራራቁ እንገምታለን። በተቀራረቡ ቁጥር መለያየታቸው ብርቅ ነው።

ይህን ስማር የአባባ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። አንዲት ሐኪም ከአገር ቤት ያስላክሁትን የቤተሰባችንን ደም መረመረችልኝ። ዳፍንቱን የሚያመጣው ጂን ራሱ አልተገኘም። በክሮሞዞሙ ላይ ከአጠገቡ እንዳለ የሚታወቅ አንድ የዘር ምልክት ግን ተገኘ፤ አባባም፣ ዳፍንት ያለባቸው አጎቶቼና አክስቶቼም አላቸው፣ ጤነኞቹ የላቸውም።

እኔም አለኝ።

«ታዲያ እኔንም ዳፍንት ይይዘኛል ማለት ነው?»

«ምልክቱና ጂኑ አንቺ ላይ ተለያይተው ሊሆን ይችላል» አለች። «ከብዙ ቤተሰቦች እንደገመትነው ግን፣ እንደዚያ የሚሆነው ከመቶ ልጆች በሦስቱ ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ የደረጃውን መብራት ሳላበራ ወጣሁ። የበሩን እጀታ አየሁት፤ ወይም ያየሁት መሰለኝ።

በማግስቱ አባባ ሱቅ እያሉ ደወልኩላቸው። ከጀርባቸው የተሸካሚዎቹ «መንገድ፣ መንገድ» ይሰማል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ከሦስቱ አንዷ ልትሆኚ ትችያለሽ?» አሉ።

«እችላለሁ፣ አባባ።»

«እንግዲያ ዱዓ አደርጋለሁ። ከእኔ ሌላ ነገር ብትወስጂ ምን ነበረ።»

ጨዋታ አዋቂነትዎንም ወስጃለሁ ልላቸው ስል ደንበኛ መጣባቸውና ጨርቅ ሲዘረጉ ሰማሁ። ስልኩን አልዘጉትም። እኔም አልዘጋሁም፤ ቁጭ ብዬ መርካቶን አዳመጥኩ።