መቶ ሰባ አራት ጥማድ ሲያጣ

አማቴ ሱሉልታ ውስጥ ሲያርሱ ያረጁ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። «አካም ጂርታ፣ ባርሲሳ» ይሉኛል፤ ደህና ነህ ወይ መምህር ማለታቸው ነው። መልሴን ሳልጨርስ ወደ ልጃቸው ይዞራሉ። ቡራዩ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ሒሳብ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ሥራ አይባልም። አንድ ቀን እንኳ ከቁም ነገር እንዲቆጥሩኝ እመኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ኮድ መጻፍ ጀመርኩ። ከሁለት በላይ ያለ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው ይባላል፤ ብቸኛ የሚባለው ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለ ነው። እምቢ ያለ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም፤ እንደማይገኝ ያረጋገጠም የለም። ፕሮግራሜ ተጋማሾቹን አንድ በአንድ ወደ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች እየከፈለ ሄዶ ሄዶ መቶ ሰባ አራት ላይ «አልተገኘም» አለኝ። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ያው ነው። የዓለም ሊቃውንት ያጡትን እኔ ሳሎኔ ውስጥ አገኘሁት ብዬ አመንኩ። ያን ጊዜ መጀመሪያ የታየኝ የአማቴ ፊት ነው።

በማግስቱ እሁድ ላፕቶፔን አቅፌ ሱሉልታ ሄድን። ባለቤቴ ታክሲ ውስጥ «እባክህ ትንሽ ቆይተህ ብትነግራቸው» ብላኝ ነበር። ማን ሰምቷት።

አማቴ በጥሞና አዳመጡኝና ቁጥሩን ማሳ፣ ብቸኞቹን በሬ አደረጓቸው።

«እና ማሳው ጥማድ አጣ በለኛ» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«በሬዎቹን ከየት ፈለግህለት?»

ከመማሪያ መጽሐፍ ጀርባ ከገለበጥኩት የብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር እንደሆነ ነገርኳቸው። እስከ ስንት እንደሚደርስ ጠየቁኝ። ዘጠና ሰባት ላይ ያበቃል።

«ከዚያ ወዲያ በሬ የለም?»

«አለ» አልኩ።

«ኤጋ፣ እንግዲህ የራስህን በረት ብቻ አይተህ ነው አገሩ በሬ የለውም የምትለው? አንድ ያለው ሰው ከጎረቤቱ አንድ አምጥቶ አይጠምድም? መቀናጆ አይጠየቅም?»

ባለቤቴ ሳቋ ሲመጣባት ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ዝርዝሩን አስረዘምኩት። ሰባ ሦስትና መቶ አንድ። ሰባ ሦስት ከእኔ በረት፣ መቶ አንድ ከጎረቤት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሱሉልታ ላለመሄድ ሰበብ ስደረድር ከረምኩ። አፍሬ ነበር። ሰበቡ አልቆብኝ የሄድን ቀን አማቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰላምታ አልሰጡኝም። ልጃቸውን አልፈው መጡና እጄን ይዘው «እስከ ስንት ደረስን?» አሉኝ።